ከክራሩ በስተጀርባ ያለችው ተዋናይት

በሐዋሳ ከተማ፣ በቡሹሎ የሚያስተምር አንድ የአማርኛ መምህር ለትምህርት ቤቱ የቴአትር ክበብ አባላት ስለ ኢትዮጵያ ሴት ተዋንያን ለማስተማር ቢነሣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው ስም የአስናቀች ወርቁ እንደሚሆን አያጠራጥርም። ድምፅዋን ለማሰማት አይቸገርም። «እንደ ኢየሩሳሌም»ን ከእጅ ስልኩ ይከፍታል፤ ክራሩ ይንቆረቆራል፤ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ችግሩ የሚጀምረው ከተማሪዎቹ አንዷ እጇን አውጥታ «ተዋናይት ነበረች ብለውናል፤ ታዲያ እንዴት ነበር የምትተውነው?» ብላ ስትጠይቅ ነው። መምህሩ «የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይት ናት» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ያቆማል። ከዚያ ወዲያ የሚናገረው የለውም። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። መልሱን መጻፍ የነበረባቸው ሰዎች በጊዜው አልጻፉትም።

አስናቀች ወርቁ በ1927 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ተወለደች። እናቷን ያጣችው ገና በሕፃንነቷ ነው። ክራር መምታትን የተማረችው በራሷ ጥረት ነበር፤ ይህም በዚያ ዘመን ለአንዲት ወጣት ሴት ቀላል ምርጫ አልነበረም። በአገራችን ልማድ በገና የዳዊት፣ የጸሎትና የመኳንንት መሣሪያ ሆኖ ሲከበር፣ ክራር ግን የሰይጣን መሣሪያ እየተባለ ሲወገዝ፣ የጠጅ ቤትና የዝሙት ጓደኛ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ክራር የያዘች ሴት ደግሞ ውግዘቱን በእጥፍ ትሸከማለች። እንግዲህ ይህች ሴት በ1945 ዓ.ም. ገደማ «የፍቅር ጮራ» በተባለው ተውኔት ላይ ለመተወን ወደ መድረክ ስትወጣ፣ ከአንዱ ነውር ወደ ሌላው ነውር ተሻገረች እንጂ ከክብር ወደ ክብር አልተራመደችም።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ በመድረኮቻችን ላይ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱና ሻሽ ያሠሩ ወንዶች ነበሩ። ይህ ልማድ ብዙ ጊዜ ለሣቅ ብቻ ይነሣል፤ ነገር ግን የቴአትር ባለሙያ ቆም ብሎ ሊመረምረው የሚገባ ቁም ነገር አለበት። ወንድ ሴትን ሲመስል ተመልካቹ የሚያደንቀው ማስመሰሉን ነው። ድምፁን እንዴት እንዳቀጠነ፣ አረማመዱን እንዴት እንደለወጠ ያያል፤ ስለ ገጸ ባሕርይዋ ሐዘንና ደስታ ብዙም አይጨነቅም። ሴቲቱ ራሷ በመድረክ ላይ ስትቆም ግን ይህ መሸሸጊያ ይፈርሳል። ተመልካቹ በፊቱ የቆመችውን ሴትና የምትወክላትን ገጸ ባሕርይ ለይቶ የማየት ግዴታ ይወድቅበታል። ይህን መለየት ያልለመደ ተመልካች ደግሞ በመድረክ ላይ ያፈቀረችውን ሴት በማግስቱ በመንገድ ላይ ይሰድባታል። የመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን የከፈሉት ዋጋ ከዚህ የመጣ ነው። የተዋናይት ጥረት ግማሹ ገጸ ባሕርይዋን ለማሳየት፣ ግማሹ ተመልካቹን ለማሠልጠን ይውል ነበር።

እንግሊዞችም በዚህ ጎዳና አልፈዋል። በሼክስፒር ዘመን ዴስዴሞናንም ሆነ ጁልየትን የሚጫወቱት ለጋ ወንዶች ልጆች ነበሩ። በለንደን የሕዝብ ቴአትር ላይ ሙያዋ ትወና የሆነ ሴት የቆመችው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1660 ነው፤ የተጫወተችውም ዴስዴሞናን ነበር። ገጣሚው ቶማስ ጆርዳን ለዚያ ትርኢት የመክፈቻ ግጥም ጽፎ፣ ዛሬ የምታዩት ሴት ነች ብሎ ለታዳሚው አስታወቀ። የሚያስገርመው ግጥሙ ሲተርፍ የተዋናይቱ ስም አለመትረፉ ነው። አንዳንዱ ማርጋሬት ሂውዝ ነች ይላል፤ ሌላው አን ማርሻል ይላል፤ ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም። አገሩ በጻፈው ተውኔት ዓለምን ሲያስደንቅ ያችን ሴት በስሟ የሚመዘግብ ሰው ግን አላገኘም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሳሙኤል ፔፒስ የተባለው የባሕር ኃይል ጽሕፈት ቤት ሹም ወደ ቴአትር ቤት ገብቶ ሴቶች ሲተውኑ ማየቱን በዕለት ማስታወሻው ላይ አሰፈረ። ሐያሲ አልነበረም፤ የቢሮ ሰው ነበር። ሆኖም የዚያን ዘመን መድረክ የሚያጠኑ ሰዎች ዛሬም የሚንጠለጠሉት በእርሱ ማስታወሻ ላይ ነው።

ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ኤለን ቴሪ እ.ኤ.አ. በ1888 ሌዲ ማክቤዝን ስትጫወት ማንም በፊልም አልቀረጻትም። ነገር ግን ሠዓሊው ጆን ሲንገር ሳርጀንት በአረንጓዴ የጢንዚዛ ክንፎች ያጌጠ ቀሚሷን እንደ ለበሰች፣ ዘውዱን በሁለት እጆቿ ከራሷ በላይ እንደ ያዘች ሣላት። በርናርድ ሾው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1895 እስከ 1898 በ«ሳተርዴይ ሪቪው» ላይ የቴአትር ኂስ ሲጽፍ፣ የእርሷን ትወና እያደነቀ፣ የምትመርጣቸውን ተውኔቶች እየነቀፈ፣ በደብዳቤም እየተከራከራት ምስክርነቱን ትቶልናል። ሾው አድልዎ አልነበረበትም አይባልም፤ ለእርሷ የነበረው ፍቅርና ለሥራ ጓደኛዋ ለሄንሪ ኧርቪንግ የነበረው ጥላቻ ብዕሩን ብዙ ጊዜ ጠምዝዞታል። ቢሆንም ያየውን ይጽፍ ነበር። ኤለን ቴሪን ያላየ ሰው ዛሬ ሾውን አንብቦ ስለ እርሷ ሊከራከር ይችላል።

አስናቀችን ባላየ ሰው ዘንድ እንዲህ ዓይነት ክርክር ሊነሣ አይችልም። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፍቶ በቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፣ ስለዚያ ቤት የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ሕንፃው እንዴት እንደተሠራ እናውቃለን። በኋላም ጸጋዬ ገብረ መድኅን ያመጣውን አዲስ የቋንቋ ኃይል፣ የሼክስፒርን ተውኔቶች ወደ አማርኛ ሲመልስ የገጠመውን ፈተና መላልሰን ተወያይተንበታል። ይህ ሁሉ የሆነው ተውኔቱ ስለታተመ ነው። ያልታተመው የተዋናዩ አካል ነው። ሐያሲዎቻችን ያደጉት በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ስለሆነ ቴአትር ቤት ገብተውም የሚያነቡት መጽሐፍ ነው፤ ስለ ጭብጡ፣ ስለ ሴራው፣ ስለ ቃላቱ ውበት አንድ ገጽ ከሞሉ በኋላ ተዋንያኑ ሲደርሱ ብዕሩ ይደርቃል። «ሚናዋን በሚገባ ተወጥታለች» የምትለው ዓረፍተ ነገር ስንት ተዋናይት ቀብራለች! በሚገባ ማለት እንዴት ነው? ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ወይስ ከፍ አድርጋ? ተቀምጣ ነው ወይስ ቆማ? ባላንጣዋ ሲናገር ወዴት ትመለከት ነበር?

ጥፋቱን በቴክኒክ እጦት ማሳበብ አይቻልም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ማሽኑ የዓይን ምስክርን ቦታ ይወስዳል ብሎ ተስፋ ማድረግ ይቻል ነበር። ነገር ግን ማሽን ብቻውን ትዝታ አይሆንም። ገንዘብም ባለሙያም ያልጎደለው የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. እንኳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ካሴቶቹን ደግሞ ለመጠቀም ሲል ብዙ የቴሌቪዥን ድራማዎቹን በገዛ እጁ አጥፍቷል። በመድረክ ያረጁ፣ በቴሌቪዥን ዳግም የታወቁ ስንትና ስንት ተዋንያት በዚያ ማጥፊያ ጠፍተዋል። ካሴቱ የሚተርፈው አንድ ሰው ሊቀመጥ ይገባዋል ብሎ ሲፈርድ ነው፤ ያን ፍርድ ለመስጠት ደግሞ አስቀድሞ ኂስ ያስፈልጋል።

ስለ አስናቀች ትወና ዛሬ የምንይዘው ተጨባጭ ማስረጃ ቢኖር፣ የሚገኘው ባልጠረጠርነው ስፍራ ነው። ከማሲንቆ ተጫዋቹ ከጌታመሳይ አበበ ጋር በግጥም ሲመላለሱ የሚያሳየውን የቴሌቪዥን ምስል ያላየ ጥቂት ነው። ብዙው ሰው እንደ ዘፈን ያየዋል፤ ይሥቃል፤ ያልፈዋል። እንደ ቴአትር ለተመለከተው ግን ሁለት ገጸ ባሕርያት፣ አንድ ግጭት፣ የማያልቅ ፉክክር ያለበት ሙሉ ትርኢት ነው። ጌታመሳይ ይወረውራል፤ እርሷ ትቀበላለች። ሙያዋ የሚገለጠው መልሱን ስትሰጥ ብቻ አይደለም፤ የእርሱን ስንኝ ስትሰማ ነው። የሰሙን ነገር ሰምታ ወርቁ እስኪደርስ ትጠብቃለች፤ ክራሩ ሳያቋርጥ ፊቷ ይመልሳል፤ ቃሉ ከኋላ ይመጣል። ተመልካቹ ሊሥቅ ሲል ታቆየዋለች፤ አቆይታም ትለቀዋለች። ይህ የጊዜ አጠቃቀም በዘፋኝነት ብቻ የሚገኝ አይደለም። በመድረክ ላይ ሌላውን ተዋናይ መስማት የትወና ግማሽ መሆኑን የምታውቅ ሴት ሥራ ነው።

ይህ የአዝማሪ ወግ ነው እንጂ ቴአትር አይደለም የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። (ከአዝማሪ ምንም አልወሰድኩም የሚል የኢትዮጵያ ተዋናይ ካለ ይቅረብ።) አዝማሪ ታዳሚውን አይቶ ግጥሙን ይለውጣል፤ የተሰደበውን ያሥቃል፤ የተመሰገነውን ያስፈራል፤ በአንድ ጊዜ ራሱንም ሌላውንም ይሆናል። አስናቀች በመድረክ የሠራችበት ዕድሜ በዚህ ወግ ላይ ምን እንደጨመረ፣ ይህም ወግ ወደ መድረክ ሲገባ ምን እንዳተረፈ የሚመረምር ጥናት ቢኖር፣ በቡሹሎዋ ተማሪ ጥያቄ ላይ ግማሹ መልስ ከዚያ ይገኝ ነበር።

ዓለም ያወቃት ግን በሸክላና በካሴት ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ2003 በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 16ኛ ዕትም ዘፈኖቿን ሰብስቦ ሲያወጣ ርእሱን «ባለ ክራሯ እመቤት» አለው። መልካም ርእስ ነው፤ ውለታውም ትልቅ ነው። ግን ርእሱ ተዋናይቱን በክራሩ ጋረዳት። አስናቀች መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ካረፈች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የራሔል ሳሙኤል ዘጋቢ ፊልም «አስኒ» በእርጅናዋ ዘመን ስለ ሕይወቷ ስትናገር ያሳያታል። የፊልሙ ብርታት ለእርሷ ቃሉን መልቀቁ ነው። ነገር ግን የተዋናይት ትዝታ ትወናውን ሊተካ አይችልም፤ በመድረክ ላይ ምን እንዳደረገች ከተዋናይቱ ይልቅ የሚያውቀው ከፊቷ የተቀመጠው ሰው ነው።

«የመጀመሪያዋ» የሚለው ማዕርግም ራሱ መሰናክል ሆኗል። መጀመሪያ መሆን የቀን ጉዳይ ነው፤ የጥበብ መለኪያ አይደለም። አስናቀችን በዚህ ቃል ሸኝተን ስንቀመጥ፣ ጥሩ ተዋናይት ነበረች ወይስ አልነበረችም የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ቀረ። መታሰቢያ በዓላት ሲደረጉ ይህ ቃል ይደጋገማል፤ ጭብጨባው ይከተላል። ከእርሷ በኋላ የመጣችው ዓለምፀሐይ ወዳጆ ገጣሚና አዘጋጅም ስለሆነች ግጥሞቿ ይመሰክሩላታል። ጽሑፍ ያልተዉት የመድረክ ሴቶች ግን በሐያሲ ቸልታ እጅ ወድቀዋል። ከእነርሱ መካከል ተመልካቹን ያስለቀሱ፣ ያሣቁ፣ የተቆጡ፣ በአንድ ዝምታ አዳራሹን የያዙ ይኖራሉ፤ ስማቸው በፕሮግራም ወረቀት ላይ ተጽፎ ወረቀቱ ከተገኘ ነው።

እነዚያን ዓመታት ያዩ ሰዎች ዛሬም በየከተማው አሉ። ወደ እነርሱ የሚሄድ ሰው «አስናቀች ጎበዝ ነበረች ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ «በጣም!» የሚል መልስ አግኝቶ ይመለሳል። «ስትገባ በየት በኩል ገባች? ነጠላዋን ምን አደረገችው? ታዳሚው ሲጮህ ቆመች ወይስ ቀጠለች?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ሽማግሌው ተነሥቶ ሊያሳየው ይችላል።

የቡሹሎው መምህርም ከዚያው ክፍል ሳይወጣ ሊጀምር ይችላል። የጠየቀችው ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ በክበቡ ተውኔት ላይ፣ በአማርኛም ይሁን በሲዳምኛ፣ ትጫወት ይሆናል። ከኋላ ወንበር ላይ ሁለት ተማሪዎች ደብተር ይዘው ይቀመጡ። አንዱ ቃሉን ይተወው፤ እጇን ብቻ ይጻፍ። ሌላው፣ ሌሎቹ ሲናገሩ እርሷ ምን ስታደርግ እንደነበር ይጻፍ።