የክረምቱ «ቲቸሮች»

ሐምሌ ሲገባ ከየዩኒቨርሲቲው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ወጣቶች በአምቦም፣ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ማሞ መዘምር ካምፓስ በሚገኝባት በጉደርም ለታናናሾቻቸው የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። ደመወዝ የለውም። ልጆቹ ግን «ቲቸር» ይሏቸዋል፤ ይገባቸዋልም።

በተለይ የማደንቃቸው ወደ 9ኛ ክፍል የሚያልፉትን ሲያዘጋጁ ነው። በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ 9ኛ ሲገባ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ይህን ገደል በቅርቡ የተሻገረ ወጣት መጽሐፉን ገልጦ በእንግሊዝኛ ያነባል፤ በአፋን ኦሮሞ ያብራራል፤ ከዚያ ልጁ ራሱ በእንግሊዝኛ እንዲመልስ ያደርጋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብና ድምፅ አልሰማ ሲል ጠመኔውን አንስቶ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። በመደበኛው ክፍል አፍራ ዝም የምትል ልጅ እዚህ «አልገባኝም» ለማለት ትደፍራለች።

የቤተሰብም ውለታ አለበት። በአረም ወቅት የልጅን ጉልበት ለትምህርት መልቀቅ፣ ውኃ የሚቀዳበትን ሰዓት ማዛወር ቀላል ስጦታ አይደለም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። ይህን ጉድለት የክረምት ትምህርት ብቻውን አይሞላውም። ያለ እሱ ግን፣ አስጠኚ ለመቅጠር አቅም የሌለው ቤተሰብ ልጅ ማንን ይጠይቃል?

የምትችሉ ሁሉ በዚህ ክረምት አንድ ፓኮ ጠመኔ ወይም አንድ ደርዘን ደብተር ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ትምህርት ቤት ጎራ በሉ።