በአዳራሹ በር ላይ የተቀመጡት እናቶች

ሰላማዊ ትግል ሲነሣ አንዱ የዋህነት ነው ይላል፤ ሌላው ፍርሃት ነው ይላል። ጂኒ ሬቲከር ስለ ላይቤሪያ ሴቶች የሠራችው ዘጋቢ ፊልም ለሁለቱም መልስ አለው። ፊልሙ የወጣው በ2008 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፤ ርእሱም «ሰይጣኑን በጸሎት ወደ ሲኦል መመለስ» እንደ ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ቻርልስ ቴይለር ክርስቲያንነቱን አብዝቶ ይናገር ስለነበር፣ በጸሎቱ ሰይጣንን ከሲኦል ያስወጣል ተብሎ ይቀለድበት ነበር። እንግዲያው መልሶ የሚያስገባው ማን ነው?

መልሱ የተጀመረው በሞንሮቪያ ዓሣ ገበያ አጠገብ ነው። በሌይማ ግቦዊ መሪነት ነጭ ለብሰው በፀሐይና በዝናብ የተቀመጡት ሴቶች ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበሩ። የሙስሊም ሴቶቹን ወገን ይዛ የመጣችው ፖሊሷ አሳቱ ባህ ኬኔት ናት። በሚያዝያ 2003 ቴይለር ፊት ቀርበው ጥያቄያቸውን አነበቡ፤ እሱም ወደ ድርድር ለመሄድ ተስማማ።

የፊልሙ ልብ ግን አክራ ነው። ድርድሩ ለሳምንታት ሲጓተት ተደራዳሪዎቹ በሆቴል ተመቻችተው ሥልጣን ይከፋፈላሉ፤ ሞንሮቪያ ላይ ሕዝብ በከባድ መሣሪያ ያልቃል። በሐምሌ ወር ሴቶቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በአዳራሹ በር ላይ ተቀመጡ፤ ሳትስማሙ አትወጡም አሉ። ጠባቂዎች ሊያስሯት ሲመጡ ግቦዊ ልብሷን ማውለቅ ጀመረች። በምዕራብ አፍሪካ እናት ሆን ብላ ራቁቷን ስትቆም እርግማን ነው። «በጠባኸው ጡቴ» ብላ ልጇን የምትማጸን እናት ባለችበት አገር ላደገ ተመልካች ይህ ትዕይንት ማብራሪያ አያስፈልገውም። አደራዳሪው ጄኔራል አብዱልሳላሚ አቡበከር ሴቶቹን ከማስነሣት ይልቅ አነጋገራቸው።

ፊልሙ የሚያጎድለው ምክንያትን መመዘን ነው። የሴራሊዮን ልዩ ፍርድ ቤት ቴይለርን የከሰሰበት ሰነድ ይፋ የሆነው ድርድሩ በተከፈተበት በሰኔ 4 ነው፤ አማፅያኑ ዋና ከተማዋን ከበው ነበር፤ የምዕራብ አፍሪካ አገሮችም ሠራዊት ላኩ። እነዚህ በፊልሙ ውስጥ እንደ ዳራ ያልፋሉ እንጂ አይመረመሩም። ስለዚህ የቸኮለ ተመልካች መዝሙር ብቻውን አምባገነን ይጥላል ብሎ ሊወጣ ይችላል። ቴይለር በነሐሴ 11 ወደ ናይጄሪያ ሲሄድ የገፋው አንድ እጅ አልነበረም።

ይህ ግን የሴቶቹን ሥራ አያሳንሰውም፤ ቦታውን ያሳያል እንጂ። ዲፕሎማሲ የታጠቁትን ብቻ አስቀምጦ ሲነጋገር፣ ሟቾቹን ወክለው በሩ ላይ የተገኙት እነሱ ናቸው። ጠረጴዛውን አልናቁም፤ ባለጠመንጃው ብቻ እንዳይይዘው ከለከሉ እንጂ።

ስምምነቱ በነሐሴ 18 ሲፈረምም ወደ ቤታቸው አልገቡም። ታጣቂዎች ትጥቅ እንዲፈቱ ሠሩ፤ በ2005 ምርጫ ሴቶችን አስመዘገቡ፤ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍም ተመረጡ። ሬቲከር ፊልሟን በአክራ ፊርማ ሳትዘጋ እስከዚህ ማድረሷ ትልቁ ብልህነቷ ነው። ድርድር ሁሉ ማታለያ ነው ብሎ ተስፋ የቆረጠ ሰው ሰባ ሁለት ደቂቃውን ይስጠው፤ በተለይ ከፊርማው በኋላ ያለውን ክፍል እንዳያልፈው።