ሁለት ተማሪ፣ አንድ ኪቦርድ

ለኮዲንግ ክፍል በጥንድ ድረ ገጽ ሥሩ ሲባሉ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ሥራውን መካፈል ነው። «አንተ ይህን ገጽ፣ እኔ ያንን» ተባብለው በየፊናቸው ይሄዳሉ። ማስረከቢያው ሲደርስ ፍላሽ ይዘው ይገናኛሉ። የአንዱ ገጽ አረንጓዴ፣ የሌላው ሰማያዊ ነው፤ አንዱ የከተማውን ስም «አሶሳ»፣ ሌላው «አሶሣ» ብሎ ጽፏል፤ ሁለቱም ፋይላቸውን «ኢንዴክስ» ስላሉት ኋላ የተገለበጠው የፊተኛውን ያጠፋዋል። እዚህ አሶሳ ድረ ገጽ መሥራት ሳስተምር አጥብቄ የምከለክለው ይህንኑ መካፈል ነው። ሁለቱም አንድ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጡ፤ ኪቦርዱም አንድ ይሁን።

እጥረት የወለደው ዘዴ ሊመስል ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ ኮምፒውተር የሚዳረስበት ክፍል በክልላችን ብርቅ ነውና። ነገር ግን ኮምፒውተር የሞላቸው ባለሙያዎችም ወደው ይሠሩበታል። አሜሪካዊው ኬንት ቤክ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው የፕሮግራም አሠራር መጽሐፍ በጥንድ መጻፍን ከዋና ዋና ልምዶቹ ጋር መድቦታል። አንዱ ይጽፋል፤ ሌላው የሚጻፈውን እየተከታተለ ቀጥሎ የሚመጣውን ያስባል። እኔ ለልጆቹ «ሾፌርና ረዳት» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሾፌር መሆን ይፈልጋል። ሚኒባስ ውስጥ ግን ማን የት እንደሚወርድ፣ ማን እንዳልከፈለ የሚያውቀው ረዳቱ ነው። በየሩብ ሰዓቱ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ኪቦርዱን አልለቅም የሚል ጎበዝ ተማሪ አይጠፋምና በዚህ ላይ ድርድር የለም።

የረዳቱ ዓይን ዋጋው የሚታየው በአማርኛ ሲጻፍ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የአማርኛ ፎንቶች የየራሳቸው አቀማመጥ ስለነበራቸው በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም ነበር። ዛሬ ችግሩ ተፈቷል ይባላል። ዊንዶውስ 7 በተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ግን ገና አለ፤ ኖትፓድ ላይ የተጻፈው ኮድ ሴቭ ሲደረግ ምርጫው ካልተቀየረ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ የሚወጣው ግን በእንግሊዝኛ ስለሆነ የቸኮለ ሾፌር «ኦኬ» ብሎ ያልፈዋል። ፋይሉ ተዘግቶ ሲከፈት የጻፉት አማርኛ ሁሉ የለም፤ መመለሻም የለውም። አጠገቡ «ቆይ እስቲ፣ ምን እያለ ነው?» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ዩቲኤፍ-8 የሚለውን መምረጥና ያንኑ በገጹ ራስ ላይ መጻፍ የመጀመሪያው ቀን ትምህርቴ ነው።

ስለ ይዘቱ ደግሞ። ብዙዎቹ ስለ ክልላችን መሥራት ይወዳሉ፤ ደስ ይላል። ከዚያ ግን ከኢንተርኔት ይገለብጣሉ፦ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ፤ ወርቅና ቀርከሃ፤ ጉባ ላይ የተገነባው የህዳሴ ግድብ። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን በሌላ ቦታ ሞልቷል። ከዚህ ይልቅ አንዱ የሚያውቀውን፣ ሌላው የማያውቀውን ርእስ እሰጣቸዋለሁ። ማንጎ ከሚሸጥ ቤት የመጣችውን ተማሪ በቅርቡ ከሌላ ክልል ከመጣ ልጅ ጋር አስቀምጣለሁ። «የትኛው ነው ቶሎ የሚበላሸው? እንዴት ትለዩታላችሁ?» ብሎ ሲጠይቃት ጥያቄው ራሱ የገጹ ርእስ ይሆናል። እሷ ለብቻዋ ብትሠራ ኖሮ ይህን አትጽፈውም ነበር፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስላታልና።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ይጀመራል። መብራት ሲሄድ (ግድቡ በዚሁ ክልል ሆኖም ይሄዳል) ሥራው አይቆምም። ኔትወርክም አያሰጋም፤ ድረ ገጽ ኢንተርኔት ሳይኖር ከፎልደር ላይ ይከፈታል። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያቀረበው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ጽሑፍና ሊንክ ብቻ ነበር። ለእኛ ቀጭን ዳታም የሚስማማው እንዲህ ያለው ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ሺህ ፊደል ያለው ጽሑፍ ሦስት ኪሎባይት ያህል ይሆናል። በስልክ የተነሳ ባለ ሦስት ሜጋባይት የማንጎ ፎቶ የዚህን ሺህ እጥፍ ይመዝናል። «ፎቶው ይነስ» የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ ረዳቱ ነው።

በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ብዙ ወጣት ወደ ሙያው ስቧል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሥልጠናው በኢንተርኔት ለየብቻ የሚወሰድ ነው፤ የምስክር ወረቀቱም የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው። ከሌላ ሰው ጋር ተቀምጦ መሥራትን ክፍል ውስጥ ካላስተማርን የትም አይማሩትም።

በክልሉ አይሲቲ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ሞክሩት። ማርኩን ግን ገጹን ብቻ አይታችሁ አትስጡ። በማስረከቢያው ዕለት ከሁለቱ ያነሰ ኮድ የጻፈውን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጡትና አንድ ገጽ እንዲጨምር እዘዙት፤ ያቃተው እንደሆነ የሁለቱም ማርክ ይቀነስ። ይህንንም ገና ሥራው ሳይጀመር ንገሯቸው።