ጎረቤትን አስወጥቶ መትረፍ



ባለፈው ክረምት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከማስቀራቸው ልጆች አንዱ ድንገት ቀረ። ከገጠር መጥቶ አክስቱ ዘንድ የተቀመጠ፣ አንድ እግሩን ትንሽ የሚያነክስ ዝምተኛ ልጅ ነው። ሁለት ቀን ታገስኩ። በሦስተኛው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ቤታቸው ሄጄ ምክንያቱን ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ፣ «ኡስታዝ፣ በድምፅ አስወጥተውኛል» አለኝ።

ነገሩ አልገባኝም ነበር። ኋላ ስመረምር ልጆቹ በእረፍት ሰዓት አዲስ ጨዋታ ጀምረው ኖሯል። በሁለት ጎሳ ተከፍለው ይሽቀዳደማሉ፤ የተሸነፈው ወገን ከመካከሉ አንዱን መርጦ ያስወጣል። የወጣ አይመለስም። ጨዋታውን የቀዱት አንዱ ልጅ ከቡሬ በፍላሽ ካመጣው የቴሌቪዥን ውድድር ነው። እኔም «አትዩ» ከማለቴ በፊት ራሴ ማየት አለብኝ ብዬ፣ እንግሊዝኛው ሲከብደኝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነውን የእህቴን ልጅ እያስተረጎምኩ፣ ከዒሻ በኋላ ብዙ ምሽት ተመለከትኩት። ደጉንም ክፉውንም ለእናንተ ለወላጆች ላካፍላችሁ።

ውድድሩ «ሰርቫይቨር» ይባላል፤ «ተራፊው» እንደ ማለት ነው። ሐሳቡ መጀመሪያ በቴሌቪዥን የታየው እ.ኤ.አ በ1997 በስዊድን ሲሆን በ2000 ወደ አሜሪካ ገባ። ልጆቻችን ያዩት ሦስተኛውን የአሜሪካ ዙር ነው። የተቀረጸው በ2001 ከአገራችን ብዙም በማይርቅ ስፍራ፣ በሰሜን ኬንያ ኢሲዮሎ አካባቢ በሚገኘው የሻባ የዱር እንስሳት ጥብቅ ክልል ውስጥ ነው። 16 አሜሪካውያን በሁለት ጎሳ ተከፍለው፣ በእሾህ አጥር ውስጥ እያደሩ፣ የደፈረሰ ውሃ እያፈሉ እየጠጡ ለ39 ቀናት ይወዳደራሉ። የተሸነፈው ወገን ከአባላቱ አንዱን በምስጢር ድምፅ ያባርራል፤ የተባረረው ሰው ችቦም ይጠፋል። በመጨረሻ አሸናፊ የሆነው 1 ሚሊዮን ዶላር ይወስዳል።

ደጉን ላስቀድም። የለመዱት ምቾት የቀረባቸው ሰዎች ጥምና ረሀብ ሲችሉ ማየት ለእኛም ትምህርት አለው። ባለድሉ ኢታን ዞን የተባለ፣ ቀድሞ በዚምባብዌ እግር ኳስ የተጫወተ ወጣት ነበር። ከሽልማቱ ገንዘብ ከፍሎ፣ በ2002 ከጓደኞቹ ጋር «ግራስሩት ሶከር» የተባለውን ድርጅት ለማቋቋም አዋለው፤ ድርጅቱ በእግር ኳስ አማካይነት የአፍሪካ ወጣቶችን ስለ ኤች አይ ቪ ያስተምራል። መልካም ሥራ ከማንም ይምጣ ከማን መልካም ነው፤ አንክድም።

ይሁን እንጂ የሰውየው መልካምነት የጨዋታውን ሕግ መልካም አያደርገውም። ለመሆኑ በዚያ ዙር መጀመሪያ የተባረረው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁን? በመጀመሪያው ፉክክር ላይ አቅም ከድቷት የወደቀችው ሴት ነበረች። ከዚያ በፊት አንድ ጓደኛዋ «አሟታል» ብሎ አንዲት ጣሳ ባቄላ ከፍቶ አብሯት በመብላቱ ወገኖቹ ተቆጥተውት ነበር። ሳያስፈቅድ የጋራ ስንቅ መክፈቱ ስህተት ነው እንበል። ነገር ግን ታማሚን ያበላ የሚከሰስበት፣ ታማሚዋም ከሁሉ ቀድማ የምትወጣበት ሕግ ለልጅ ምን ያስተምራል? የእኔ ተማሪዎች ትምህርቱን በሚገባ ተቀብለዋል፤ መጀመሪያ ያስወጡት የሚያነክሰውን ነው።

ሌላ ነገር ልጨምር። ሌክስ የተባለው ተወዳዳሪ አንድ ቀን አንዲት ድምፅ ተሰጠችበት። ማን እንደሰጠ ለማወቅ እንቅልፍ አጣ፤ ሰዉን ሁሉ ጠየቀ፤ በመጨረሻም አንዲትን ወጣት ጠርጥሮ እንድትባረር አደረገ። ድምፁን የሰጠችው ግን ሌላ ሴት ነበረች። ያን ክፍል ካየሁ በኋላ ሱረቱል ሑጁራትን ከፍቼ ስለ መጥፎ ጥርጣሬና ነውርን ስለ መከታተል የተነገረውን ደግሜ አነበብኩ። አላህ (ሱ.ወ) የከለከለው ነገር ሰውን እንዴት እንደሚያሳውር ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁም። በዚህ ረገድ ፊልሙ ሳያስበው አስተምሮኛል።

የደሙንም ነገር ዝም ብዬ አላልፍም። ለአንዱ ፉክክር የከብት ደም ከወተት ጋር ተቀላቅሎ እንዲጠጡ ቀርቦላቸዋል። ደም በእኛ ዘንድ ሐራም እንደሆነ ሕፃናቱም ያውቃሉ። ሆኖም ሸሪዓችን ረሀብ ነፍሱን ሊነጥቀው ለደረሰ ሰው ነፍሱን የሚያተርፍበትን ያህል ፈቅዶለታል፤ ይህም ደሩራ ይባላል። ደሩራ የአላህ እዝነት ነው። ከካሜራው ጀርባ ምግብና ሐኪም ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ለገንዘብ ሲሉ የተቸገሩ መምሰል ግን በእውነተኛው ችግረኛ ላይ መቀለድ ይሆናል።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ የስማቸው ነገር ነው። ሁለቱ ቡድኖች «ሳምቡሩ» እና «ቦረን» ተብለዋል። ቦረን ማለት በደቡብ አገራችንና በሰሜን ኬንያ የሚኖረው የቦረና ሕዝብ ነው፤ ከእነርሱም በተለይ በኬንያ ያሉት አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ስማቸው ተወሰደ፣ የአኗኗራቸው ምስጢር ግን ተተወ። ቦረናዎች ቱላ ከሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ውሃ የሚያወጡት ሰው በሰው ላይ በመሰላል ቆሞ፣ እየዘፈነና እየተቀባበለ ነው። የማጠጣቱን ተራ የሚጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ አላቸው። ከብቱ ላለቀበት ሰው ደግሞ ጎሳው ከብት አዋጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል፤ ይህን ቡሳ ጎኖፋ ይሉታል። እ.ኤ.አ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲከዳቸው ሰጪውም ተቀባዩም በአንድነት ተጎዳ፤ የልማዱ ትርጉም ግን አልጠፋም። በእውነተኛው ቦረና ዘንድ ባዶ እጁን የቀረ ሰው ይሰጠዋል፤ በቴሌቪዥኑ «ቦረን» ዘንድ ይባረራል። ታዲያ በዚያ ምድር እንዴት እንደሚተረፍ የሚያውቀው የትኛው ነው?

«ጨዋታ ነው እኮ!» የሚለኝ አይጠፋም። አዎን፣ ለተጫወቱት ጨዋታ ነው፤ 39 ቀኑ ሲያልቅ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ለእኛ ልጆች ግን ችግር ጨዋታ አይደለም። ከ2023 ነሐሴ ጀምሮ ክልላችን በጦርነት ሲታመስ፣ መንገድ በተዘጋ ሰሞን የሰፈራችን ሰው በምን ተረፈ? ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባባል ዱቄትና ጨው በመበዳደር አይደለምን? የምዕራብ ጎጃም ገበሬስ ቢታመም፣ በቆሎው በአረም እንዳይዋጥ በደቦ የሚያርሙለት ጎረቤቶቹ አይደሉምን? ልጆቻችን ይህን በዓይናቸው አይተዋል፤ እኛ ግን ስሙን አልነገርናቸውም። ቴሌቪዥኑ ቀድሞን ሌላ ስም ሰጠው።

ስለዚህ ፍላሹን አልሰበርኩም። ሁሉንም አስቀምጬ ስለ አሽዐሪዮቹ ነገርኳቸው። እነዚያ ሶሓቦች ከየመን በመርከብ ሲነሱ ነፋስ ወደ ሐበሻ ምድር ወስዷቸው፣ ከጀዕፈር (ረ.ዐ) ጋር የቆዩ ናቸው። ስንቅ ሲያንሳቸው ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው እኩል ይካፈሉ እንደነበር፣ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ስለዚህ እንዳወደሷቸው ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። «እነርሱም ተራፊዎች ነበሩ፤ ማንን አስወጡ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። የመለሰ የለም።

በማግስቱ እያንዳንዱ ከቤቱ ያገኘውን ይዞ እንዲመጣ አዘዝኩ። ጊዜው የእሸት ነበርና የበዛው የተጠበሰ በቆሎ ነው፤ ቆሎም፣ ድንችም፣ ቁራሽ ዳቦም ነበረበት። አንዱ ምንም አላመጣም። የሚያነክሰውን ልጅ ጠርተው ያመጡት ያባረሩት ልጆች ራሳቸው ናቸው። ነጠላዬን አነጠፍኩና ማካፈሉን ለእርሱ ሰጠሁት። ምንም ላላመጣው ልጅም እኩል አደረሰው። እኔ አልነገርኩትም።

ውድ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ የሚያዩትን አብራችሁ እዩ። ሲያበቃም አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ «አንተ ብትሆን ማንን ታስወጣ ነበር?» መልሱን በጥሞና ስሙ። ምናልባት የሚወጣው ስም የጎረቤታችሁ ልጅ ስም ይሆናል።

አላህ እርስ በርስ ከሚደጋገፉት ያድርገን፣ አሚን። ወላሁ አዕለም።