ቅላት ብቻውን ይፈርዳልን?

ችፌ ያለበትን ሰው ሕመሙን የሚቀሰቅስበት በየዕለቱ የሚነካው አንድ ነገር እንደ ሆነ ሲጠረጠር፣ ሐኪሞች የልጥፍ ምርመራ ያደርጉለታል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1895 ለሐኪሞች ያስተዋወቀው ዮሴፍ ያዳሶን ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ የኒኬል ጨው፣ ወይም በጥቁር የጠጕር ቀለም ውስጥ የሚገኘው ፓራፌኒሊንዲያሚን በቫዝሊን ተለውሶ ጀርባ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ይነሣል፤ ውጤቱም ያን ጊዜና እንደ ገና በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ይነበባል። ሁለት ጊዜ መነበቡ ቍጣው ዘግይቶ የሚመጣ ስለ ሆነ ነው።

በዘዴው ላይ ነቀፋ የለንም፤ ነቀፋችን በአነባበቡ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በብዙ አገር የሚሠራበት መለኪያ፣ ከአጠራጣሪው ውጤት አንሥቶ እስከ ብርቱው ድረስ፣ በየደረጃው አስቀድሞ የሚጠራው ቅላትን ነው። ነገር ግን በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላት ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ጥቁር ቡናማ ያደላል፤ አንዳንድ ጊዜም ከዓይን ይሰወራል። እንግዲህ ቅላትን ብቻ የሚፈልግ መርማሪ «ምንም የለም» ብሎ ይጽፋል። ስሕተቱም በወረቀት ላይ አይቀርም፤ በሽተኛዋ ያንኑ ቀለም መቀባቷን ትቀጥላለች፤ ችፌውም ይመለስባታል።

«ቅላቱ ባይታይ ሽፍታውና ውሃ የቋጠረው ይታያል» የሚሉን ይኖሩ ይሆናል። ስለ ብርቱው ቍጣ እውነታቸውን ነው፤ የሚያመልጠው ግን ደካማው ነው። ደግነቱ መለኪያው ራሱ መፍትሔውን ይዟል፤ ከቅላት ቀጥሎ የሚጠራው የቆዳው መወፈር ነውና፣ ይህም በጣት ዳሰሳ ይታወቃል፤ ከጎን የበራ ብርሃንም ይረዳል። በአንጻሩ ፕላስተሩ የፈጠረውን መቈጣት ወይም ተርፎ የሚቀረውን ጥቍረት እንደ አለርጂ ቈጥረን እንዳንመዘግብ መጠንቀቅ ይገባል።

ከመጽሐፍ ሥዕል ቅላትን ብቻ አጥንተን ብንወጣ፣ የተማርነውን በገዛ ወገናችን ጀርባ ላይ ማንበብ ያቅተናል። ስለዚህ መምህራኖቻችን ከዓይናችን ጋራ ጣታችንንም እንዲያስተምሩልን እንለምናለን።