የፍሬና የአበባ ሽቶ አቀማመም

ለሴቶች በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጥ፣ የፍሬንና የአበባን መዓዛ ያጣመረ ሽቶ በሙያው ዘንድ ብዙውን ጊዜ እንደ ቀላል ሥራ ይቆጠራል፤ ይሁን እንጂ ቀማሚው በእውነት የሚፈተነው ውድ ዘይት እንደ ልቡ በሚያፈስበት ጊዜ ሳይሆን እያንዳንዱ ግራም በዋጋ በሚሰላበት በዚህ ዓይነቱ ሥራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በተቆረቆረችውና ከኢትዮጵያ የሄዱ በርካታ ቤተሰቦች በሚኖሩባት በእስራኤሏ ቂርያት ጋት፣ ደመወዝተኛ በሚበዛበት የኢንዱስትሪ ቀጠና ዙሪያ፣ የሙያው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ ያለው ጥቂት ገንዘብ በየትኛው የሽቶው ክፍል ላይ ቢውል ይሻላል?

ለዚህ መልስ ለመስጠት በቅድሚያ ፍሬ ከአበባ የሚለይበትን ጠባይ መረዳት ያስፈልጋል። ከጽጌረዳ በእንፋሎት፣ ከጃስሚን ደግሞ በማሟሚያ ፈሳሽ የመዓዛ ዘይት ማውጣት ይቻላል፤ ከኮክ፣ ከፖምና ከእንጆሪ ግን ለሽቶ የሚበቃ ዘይት አይገኝም፤ ከዚህ የሚለዩት ልጣጫቸው ተጨምቆ ዘይት የሚሰጡት እንደ ብርቱካንና ሎሚ ያሉት ናቸው። ስለዚህ የኮክ ሽታ በውዱም ሆነ በርካሹ ጠርሙስ ውስጥ የኬሚስት ሥራ ውጤት ነው። የፖምና የሙዝ ሽታ የሚቀመመው በአብዛኛው ከኤስተሮች፣ ማለትም አልኮልና አሲድ ተዋሕደው ከሚሰጧቸው ቀላል ውህዶች ሲሆን፣ ሄክሲል አሴቴት ወደ ፖም፣ ኢሶአሚል አሴቴት ደግሞ ወደ ሙዝ ያዘነብላል። የኮክን ሽታ የሚሰጠው ጋማ አንዴካላክቶን በ1919 ገርላን ባወጣው ሚትሱኮ በተባለው ሽቶ ውስጥ የገባ፣ ዛሬ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ ውህድ ነው። በፍሬው በኩል እንግዲህ ርካሹ ሽቶ ከውዱ ብዙም ወደኋላ አይቀርም።

ችግሩ የሚጀምረው ጊዜ ሲያልፍ ነው። ቀማሚዎች ሽቶን በመትነን ፍጥነቱ በሦስት ይከፍሉታል፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚሰማውን የመነሻ ሽታ፣ ለጥቂት ሰዓታት የሚቆየውን የመካከል ሽታ፣ በቆዳና በልብስ ላይ እስከ ማግስቱ ሊደርስ የሚችለውን ደግሞ የመሠረት ሽታ ይሉታል። እነዚህ የፍሬ ኤስተሮች ቀላልና ተናኝ በመሆናቸው ሁሉንም ቀድመው ይጠፋሉ፤ በዚህ የተነሣ በሱቅ ውስጥ ደስ ያሰኘው ሽቶ ገዢዋ ቤቷ ሳትደርስ ባዶ አልኮል መስሎ ሊቀር ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚያልፍበት በቂርያት ጋት ይህ መትነን ይፋጠናል፤ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተመዛዝኖ የታየው ቅመማ በዚያ ሙቀት መልኩን ይለውጣል፤ ስለዚህ በማሽተቻ ወረቀት ላይ የተደረገው ፍተሻ በሙቅ ቆዳ ላይ መደገም አለበት።

ፍሬው ሲጠፋ ክፍተት እንዳይፈጠር የሙያው ዋና ብልሃት የሁለቱም ወገን የሆኑ ውህዶችን በመካከል እንደ ድልድይ መዘርጋት ነው። ቤንዚል አሴቴት የጃስሚን ዋነኛ ክፍል ሲሆን የፍሬ ጠረንም አለው፤ ሜቲል አንትራኒሌት በወይን ፍሬም በብርቱካን አበባም ውስጥ ይገኛል፤ ዳማስኮን የተባሉት ውህዶች ጽጌረዳንና ፖምን በአንድነት ያስታውሳሉ። ሜቲል አንትራኒሌት ግን አልዲሃይድ ከተባሉት ውህዶች ጋር ሲገናኝ ፈሳሹን ወደ ብርቱካናማነት ሊለውጥ ስለሚችል፣ ውስጡን የሚያሳይ ጠርሙስ የመረጠ አምራች መጠኑን መቆጣጠር ይኖርበታል።

በአበባው በኩል ገንዘቡ በግልጽ ይታያል። 1 ኪሎ ግራም የጽጌረዳ ዘይት ለማግኘት ከ3000 እስከ 5000 ኪሎ ግራም የሚደርስ አበባ ስለሚያስፈልግ፣ አነስተኛ ዋጋ ያለው ሽቶ ጽጌረዳውን የሚገነባው ከፌኒል ኤቲል አልኮልና ከጌራኒዮል፣ ጃስሚኑን ደግሞ በ1966 ኦ ሶቫዥ በተባለው የዲዮር ሽቶ ከታወቀው ሄዲዮን ከተባለው ውህድ ነው። ይህ ማታለል አይደለም፤ የተጣራው ዘይት ያለውን ጥልቀት ባይሰጥም፣ በልክ ከተመዘነ አየር የሚያስገባ፣ ንጹሕ የአበባ መዓዛ ያስገኛል።

ይሁንና ጥቂቱ ገንዘብ ከሁሉ ይልቅ የሚገባው ለመሠረቱ ነው፤ የመሠረት ሽታ ሌሎቹን አዘግይቶ የሚይዝና ከቆዳ ጋር የሚያስማማ ነውና። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ለዓለም ሽቶ ቅመማ ባዕድ አይደለችም፤ ከጥርኝ የሚገኘው ዝባድ በከብት ቀንድ እየታሸገ ለረጅም ዘመን ወደ ውጭ ሲላክ ኖሯል፤ የዝባድን ሽታ የሚሰጠውን ሲቬቶን የተባለ ውህድ አወቃቀር በ1926 የገለጸው ሊዮፖልድ ሩዚችካም በ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። ዛሬ በዋጋውና በእንስሳው ላይ በሚደርሰው እንግልት ምክንያት ዝባድ በአብዛኛው ምስክ በሚባሉ ሰው ሠራሽ ውህዶች ተተክቷል፤ ርካሽ ሽቶም እነዚህን በበቂ መጠን ከያዘ ለዛውን ይጠብቃል።

ሌላው ከኢትዮጵያ የሚመነጭ መፍትሔ እጣን ነው። በመተማ አካባቢና በትግራይ የሚገኘው የእጣን ዛፍ ሙጫ በእንፋሎት ሲጣራ የሚሰጠው ዘይት ዋና ክፍሉ ኦክቲል አሴቴት፣ ማለትም ብርቱካን የሚመስል ጠረን ያለው ኤስተር ነው። በቡና ሥርዓት ላይ በጭሱ የሚታወቀው ሙጫ በዘይትነቱ የፍሬ ወዳጅ ነው ማለት ነው፤ ዋጋውም ከጽጌረዳ ዘይት እጅግ ስለሚያንስ፣ በጥቂቱ ሲጨመር ለፍሬው ተቀጥላ ሆኖ ያገለግላል፤ ከሙጫው በማሟሚያ ፈሳሽ የወጣው ክፍል ሲታከልበት ደግሞ ወደ መሠረቱ የሚያሸጋግር ይሆናል።

ልከኝነት ለቀማሚው ብቻ የተተወ አይደለም፤ ሽቶውን የምትቀባዋንም ይመለከታል። ኢንቴል በቂርያት ጋት እንደሚያመርታቸው ያሉ የኤሌክትሮኒክስ ቺፖች በሚሠሩበት ንጹሕ ክፍል፣ ማለትም አየሩ ተጣርቶ ብናኝና እንፋሎት በሚገታበት አዳራሽ፣ ሽቶ መቀባት እንደ ልማዱ ይከለከላል፤ በምግብ ፋብሪካም ጠንካራ ሽታ ምርትን ሊበክል ይችላል። በእንዲህ ያለ ቦታ የምትሠራ ሴት ሽቶዋን የምትቀባው ከሥራ ስትወጣ ስለሆነ፣ የሚጠቅማት ቀኑን ሙሉ የሚጮኽ ሳይሆን ማታውን በመጠን የሚያደርስ ነው።

ገዢም በበኩሏ የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ ይገባታል፤ ቡቲልፌኒል ሜቲልፕሮፒዮናል የሚል ስም ያለበት ሽቶ፣ ውህዱ በአውሮፓ ኅብረት ከመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ የተከለከለ ስለሆነ፣ ወይ የቆየ ክምችት ወይ ጥንቃቄ የጎደለው ምርት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ውጭ ያለው መለኪያ ለሁሉም የቀረበ ነው፦ ሽቶውን በቆዳ ላይ ረጭቶ ቢያንስ አንድ ሰዓት መቆየትና ፍሬው ከሄደ በኋላ በቀረው ላይ መፍረድ። ቀማሚው ጥቂቱን ገንዘብ ለመሠረቱ አውሎት ከሆነ፣ ልዩነቱን የሚነግረው የዋጋ ተለጣፊው ሳይሆን ይህች አንድ ሰዓት ናት።