የዒላማ ተኩስ ትምህርት

ዒላማ መምታት ከዓይን ጥራት ይበልጥ በትዕግሥት የሚገኝ ጥበብ መሆኑን ሊያስተውል የሚሻ ሰው፣ ደቀ መዝሙሩ ጠመንጃውን ጥይት ሳያጎርስ፣ ከአፈሙዙ ላይ የተቀመጠችው ሳንቲም እንዳትወድቅ እየተጠነቀቀ፣ ትንፋሹን ገታ አድርጎ ቃታውን በዝግታ ሲስብ ቢመለከት ይበቃዋል። መምህሩ ግን፣ እኔም ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህንኑ ነው፣ ዓይኑን የሚጥለው በዒላማው ላይ ሳይሆን በተኳሹ ጣት፣ ትከሻና ጉንጭ ላይ ነው፤ ወረቀቱ ስሕተቱን ቢመሰክርም ምክንያቱን የሚገልጠው ሥጋ ነውና። በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር 10 ነጥብ የምታሰጠው ነቁጥ ስፋቷ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ የልብ ትርታ እንኳ ከባላጋራ ይቈጠራል።

ለዚህ ትዕግሥት ምስክር የሚሆነው የሃንጋሪው ወታደር ካሮይ ታካች፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1938 የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁን ካጐዳበት በኋላ፣ ግራውን እንደ ጀማሪ አስተምሮ፣ በ1948 በለንደን፣ በ1952ም በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በፈጣን የሽጉጥ ተኩስ የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። በሄልሲንኪ ሁለተኛ ሆኖ ብር የተቀበለው ሲላርድ ኩንም ታካች ያሠለጠነው ተኳሽ ነበረ።